ቤት ስናሠራ እንዳንጎዳ፦ ከግንበኛና ከአናጢ ጋር ስለሚደረግ ውል

(በሐይቅ ከተማ በሰፈራችን የቅሬ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወጣ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቤት ማሠራት ነው። ነገሩ ለማናችንም አዲስ አይደለም። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ሲገባ፣ ዋልካውም ደርቆ መኪና ማስገባት ሲጀምር፣ በየመንደሩ የሚሰማው የመዶሻና የአካፋ ድምፅ ነው። አንዱ መሠረት ያስቆፍራል፤ አንዱ ቆርቆሮ ይለውጣል፤ አንዱ ልጁን ጎጆ ለማውጣት አንዲት ክፍል ይቀጥላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ባለፈ ጊዜ የተጎዳ ቤቱን የሚያስጠግንም አለ። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ተስፋ ያለው ሰው ነውና።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ዐረብ አገር ተሻግራ፣ ሰው ቤት ሠርታ፣ እንቅልፏን አጥታ የላከችው ነው። ወይም በሬ ተሽጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ፣ ከአፍ ተነጥቆ የተጠራቀመ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ አይታፈስም። ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሰው የሚያወጣው ብር ብቻ አይደለም፤ የልጁን ዕድሜ ነው የሚያወጣው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ ቅሬው ሽማግሌዎች የሚመጣው ክርክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። ባለቤቱ «ገንዘቤን ተቀብሎ ሥራውን ጥሎ ሄደ» ይላል። ግንበኛው ደግሞ «ያልተነጋገርነውን ሥራ ጨመረብኝ፣ የላቤን ዋጋ ከለከለኝ» ይላል። ሽማግሌ ተቀምጦ «ውላችሁ የታለ?» ሲል፣ ውል የሚባል የለም። «በቃል ተማምነን ነው» ይባላል። እንግዲህ አንዱ ይምላል፣ ሌላውም ይምላል፤ ሽማግሌውም ከሁለት መሓላ መካከል ይጨነቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን ያለ ነገር አላሉም። እኛም ዛሬ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በተራ እንድናየው ወደናል።

1ኛ/ ሠሪውን ስለ መምረጥ

ብዙዎቻችን ግንበኛ የምንመርጠው በዝምድና ወይም በዋጋ ማነስ ነው። ዝምድና ክፉ አይደለም፤ ዋጋ ማነስም አይጠላም። ነገር ግን ሁለቱም ቢሆኑ ግድግዳ አያቆሙም። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ከዚህ በፊት የት ሠርተሃል?» የሚለው ነው። የሠራው ቤት እዚሁ ሐይቅ ወይም ሱሉላ፣ ቢርቅ ውጫሌ ወይም ደሴ ነው። ሄዶ ማየት አንድ ቀን ቢያስፈታ ነው።

ስትሄዱም ቤቱን ብቻ አትዩ፤ ባለቤቱን አነጋግሩ። «በቀጠሮው ጨረሰልህ ወይ? ከተነጋገራችሁት በላይ ገንዘብ ጠየቀህ ወይ? ክረምት ሲገባ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም የሚሻለው ሁለት ክረምት ያለፈበትን ቤት ማየት ነው። አዲስ ልስን የተለሰነ ቤት ሁሉ ያምራል። ስንጥቅ፣ ርጥበትና የጣራ ፍሳሽ የሚታወቁት ከዝናብ በኋላ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለ፣ መጥፎ ሥራ ብዙ ሳይቆይ ራሱን ያጋልጣል።

ሠሪው ተቋራጭ ነኝ የሚል ከሆነ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማየት መብታችን ነው። ተቋራጮች በደረጃ የሚመዘገቡ ስለሆነ የእርሱን ደረጃ መጠየቅ ነውር የለውም። ግንበኛ፣ አናጢ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ከሆነ፣ የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ያለው ይመረጣል። ወረቀት ባይኖረውም በሥራው የተመሰከረለት ብዙ ሰው አለን፤ እርሱን አንንቅም። ብቻ መታወቂያውን እንይ፤ የሚኖርበትን ሰፈር እንወቅ፤ የሚያውቀው አንድ ተያዥ ያምጣ። «ዛሬውኑ ካልከፈልከኝ ሌላ ሥራ ይዣለሁ» እያለ የሚያዋክብ ሰው ሲገጥማችሁ ግን ቆም በሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ዋጋን በሚመለከት ቢያንስ ሦስት ሰው ጠይቁ። ሁለቱ የተቀራረበ ዋጋ ሰጥተው ሦስተኛው በግማሽ ቢወርድ፣ ደስ ከመሰኘት በፊት «ከምን ላይ ሊቀንስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወይ ከሲሚንቶው ነው፣ ወይ ከብረቱ ነው፣ ወይም ሥራውን ከመሀል ጥሎ ሌላ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው።

2ኛ/ ሥራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስለ መወሰን

«ሁለት ክፍል ቤት ሥራልኝ» ማለት ውል አይሆንም። ስንት በስንት ሜትር? ቁመቱ ስንት? በጭቃ ነው፣ በድንጋይ ነው ወይስ በብሎኬት? ወለሉ ሊሾ ነው ወይስ ሌላ? በርና መስኮቱ ከእንጨት ነው ከብረት? ስንት ናቸው? ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ መውረድ አለበት። ፕላን ማሠራት ለሚችል ፕላን ማሠራት ነው። ለማይችል ደግሞ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ልኩ የተጻፈበት ንድፍ ከምንም ይሻላል።

የመሬቱን ጠባይም ማወቅ ያስፈልጋል። በሐይቁ ዙሪያና በሜዳው ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእርሱ ላይ ጥልቀት የሌለው መሠረት የጣለ ሰው፣ ግድግዳው ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሲሰነጠቅ ያያል። ስለዚህ ቁፋሮው ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ መውረድ አለበት፤ የወጣውም ጥቁር አፈር ተመልሶ ወለል ሥር ሊሞላ አይገባውም፤ በገረጋንቲ ነው የሚተካው። በአምባሰል በኩል ባለው ተዳፋት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማስቆፈርን ከሥራው ጋር አብሮ ይዋዋል። ጥልቀቱ በውሉ ካልተጻፈ፣ ግንበኛው አንድ ክንድ ቆፍሮ «ጠንካራ ነው» ቢላችሁ በምን ትሞግቱታላችሁ?

አገራችን የምድር መናወጥ የሚያገኛት መሆኗንም አንርሳ። እኛ ያለንበት ተራራ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ብርቱ መናወጥ ማጀቴን ክፉኛ አፍርሷል፣ የአዲስ አበባ ደሴንም መንገድ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድሪቱ በተደጋጋሚ ስትናወጥ ሰምተናል። ስለዚህ በብሎኬት የሚሠራ ቤት ከሥርና ከላይ በብረት የታሰረ የኮንክሪት ቀበቶ እንዲኖረው ማድረግ ቅንጦት አይደለም። ማዕዘኖቹ ካልተያያዙ ግድግዳ ለየብቻው ይወድቃል።

ሐይቅም ሆነ ውጫሌ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በከተማ ያለ ፈቃድ ግንባታ መጀመርን የከለከለ ነበር። ለቤታችሁ ዐይነት ዛሬ የሚጠየቀውን ወረቀት ከዚያው ከማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። «ፈቃዱን ለእኔ ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ለሚል ሠሪ ነገሩን አትተዉ። ቤቱ ቢፈርስ የሚፈርሰው የእናንተ ነው፤ እርሱማ ሌላ ሥራ ይዟል።

3ኛ/ ስለ ውሉ

የውልን ነገር ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር። በታሪካችን እጅግ የታወቀው ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ሲዋዋሉ ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንዲት ቃል ልዩነት አገር ተጣላ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈታ፤ የውጫሌም ውል በ1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ተሻረ። የእኛ ቤት ከመንግሥት ጉዳይ ጋር አይወዳደርም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል ይዘው ለየቅል ከተረዱት፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጠቡ ተፈርሟል ማለት ነው።

ስለዚህ ውሉ ሁላችንም በምንረዳው ተራ አማርኛ ይጻፍ። ከመፈረሙም በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሚከተሉትን ይያዝ፦

ሀ/ የባለቤቱና የሠሪው ሙሉ ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፤

ለ/ የሚሠራው ሥራ ከነልኩ፤ መሠረቱ የሚወርድበት ጥልቀት፤ የግድግዳው ዐይነት፤ የጣራው ዐይነት፤

ሐ/ ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፤ አካፋ፣ ጋሪ፣ መወጣጫና ውሃ ከማን እንደሆነ፤

መ/ ጠቅላላ ዋጋውና በየትኛው ደረጃ ስንት እንደሚከፈል፤

ሠ/ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢዘገይ የሚከፈለው መቀጫ፤

ረ/ በመሀል ሥራ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ፣ ሁለቱ ተስማምተው ዋጋውን በጽሑፍ ካላኖሩ በቀር ዋጋ እንደሌለው፤

ሰ/ ሠራተኛ ቢጎዳ የማን ኀላፊነት እንደሆነ፤

ሸ/ ሥራው ካለቀ በኋላ ጉድለት ቢታይ እንዴት እንደሚታረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ሁሉ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል። ሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ከባለቤቱ፣ አንዱ ከሠሪው እጅ ይቀመጥ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ወገኖቻችንም ቁጥር 1728 አስቧል። የማያነብ ሰው ጣቱን ቢያትም፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ያ አሻራ አያስገድደውም። እናቶቻችን ይህን ልብ ይበሉልን። ግንበኛውም የማያነብ ከሆነ ያው ነው፤ ነገ «አልገባኝም ነበር» ቢል እውነት አለው።

አንድ ሌላ ጥሩ ነገር በሕጉ ውስጥ አለ። ቁጥር 3039 ቤት ሠርቶ ያስረከበ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። በአሠራር ጉድለት ወይም ቤቱ ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቤቱ ቢበላሽ ይጠየቃል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ቃል በውሉ ቢገባ እንኳ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በራሱ ኀላፊነት ሥራውን ጨርሶ ሊያስረክብ ለተዋዋለ ሰው ነው። በቀን ሂሳብ ቀጥረን «እዚህ ጋ ገንባ፣ እዚያ ጋ አፍርስ» እያልን ያሠራነው ሰው ከተቋራጭ ጋር በሕግ ፊት አንድ አይደለም። ስለዚህ በቀን ነው ወይስ በቁርጥ ዋጋ የምናሠራው? ይህ መጀመሪያ ይለይ።

4ኛ/ ስለ ገንዘብ አከፋፈል

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የተከፈለው ገንዘብ ከተሠራው ሥራ መቅደም የለበትም፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ደንብ የለውም። ገንዘብ የቀደመው ሠሪ እግሩ ከባድ ነው፤ ሥራ የቀደመው ባለቤት ደግሞ እጁ ከባድ ነው። ሁለቱን የሚያስማማው በየደረጃው መክፈል ነው።

ለምሳሌ ያህል የእጅ ዋጋው በድምሩ 200,000 ብር ነው እንበል። ሥራ ሲጀመር 20,000፤ መሠረቱ ወጥቶ ሲታይ 40,000፤ ግድግዳው ሲያልቅ 50,000፤ ጣራው ተመትቶ ሲያልቅ 40,000፤ ልስኑና ወለሉ ሲያልቅ 30,000 ይከፈላል። የቀረው 20,000 ብር ቤቱ ተረክቦ የመጀመሪያውን ዝናብ እስኪያልፍ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ድምሩ 200,000 ነው። ሠሪው በማንኛውም ጊዜ ሥራውን ቢያቆም ባለቤቱ ብዙ አይጎዳም፤ ባለቤቱም ቢያጭበረብር ሠሪው የአንድ ደረጃ ልፋት እንጂ የሙሉ ቤት ልፋት አይቀርበትም።

«ቀብድ» ስለሚባለው ቃል እንጠንቀቅ። ሰው ሁሉ ቅድሚያ ክፍያን ቀብድ ይለዋል። በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ቀብድ የውሉ መደረግ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ «ቀብድ» ብላችሁ ስትጽፉ ይህን ሁሉ ጽፋችኋል ማለት ነው። ለዕቃ መግዣ ብቻ የሰጣችሁት ከሆነ «ለዕቃ መግዣ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ።

ገንዘብ በእጅ ከመስጠት በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ ይሻላል፤ ማስረጃው ይቀመጣልና። በእጅ የሚሰጥ ከሆነ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይፈረምበት። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ገንዘቡን ሁሉ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ባይልኩ ይመረጣል። ደረጃው ሲያልቅ፣ ከዘመድ ሌላ ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው አይቶ ሲመሰክርና ፎቶግራፍ ሲላክላቸው ቀጣዩን ይላኩ። ይህ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድምን ከሐሜት ማዳን ነው።

5ኛ/ ስለ ዕቃና ስለ ቁጥጥር

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባለሙያው እርሱ ነው» የሚል ብዙ ነው። ሙያውን ላናውቅ እንችላለን፤ መቁጠርና ማየት ግን እናውቃለን።

የሲሚንቶ አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ኩንታል የሚባለው ሁለት ከረጢት ነው። ስትገዙም ስትቆጥሩም ይህን አትርሱ። ርጥበት ነክቶት የደደረ ሲሚንቶ ለኮንክሪት አይሆንም። ለኮንክሪት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልክ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ነው፤ ብረት ለሚሸከም ሥራ ጠጠሩ ወደ ሦስት እጅ ይወርዳል። ልኩ በአካፋ በግምት ሳይሆን በሳጥን ይሰፈር። አካፋ የሚሰፍረው እንደ ሰፋሪው ልብ ነው። ውሃ ማብዛትም ለሠራተኛው ሥራውን ያቀልለታል እንጂ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣ፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ይህን ውሃ ማጠጣት ከቤተሰቡ አንዱ ሊሠራው ይችላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ብረትን በሚመለከት፣ አንድ ፌሮ ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። የገባውን ቁጠሩ፤ የተቆረጠውን ቁጠሩ። ስታፋው በምን ያህል ርቀት እንደሚታሰር በውሉ ይግባ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ባለቤቱ ሳያይ እንዳይሞላ አስጠንቅቁ፤ ከተሞላ በኋላ ብረቱ ይኑር አይኑር የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

የቁጥር ነገር ሰውን ሲያታልል አይተናል። ፌሮ ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል፤ ቁጥር 12 ከቁጥር 8 ይወፍራል። ቆርቆሮ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይሳሳል። ቁጥር 28 ወፍራም ነው፤ ቁጥር 35 ስስ ነው። «ከፍ ያለውን ቁጥር ገዛሁልህ» ተብሎ ስስ ቆርቆሮ የተመታለት ሰው በመጀመሪያው ነፋስ ያለቅሳል። ስለዚህ በውሉ «ቆርቆሮ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ቁጥሩ ይጻፍ።

በጭቃ ለሚሠራም እንዲሁ ነው። የጭቃ ቤት ድኻ ቤት አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ ዕድሜ አለው። ድንጋዩ መሠረት ከመሬት ከፍ ብሎ ይውጣ፤ የባሕር ዛፉ ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰንብት፤ የጣራው ክፈፍ ወደ ውጭ ይርዘም። አናጢው እነዚህን አራቱን ካደረገ ስለ ሌላው እንታገሠዋለን።

በየቀኑ አንድ ጊዜ ሥራው ቦታ ብቅ ማለት ጥሩ ነው። ቱንቢውን ጣሉ በሉት፤ ውሃ ልኩን አስቀምጥ በሉት። ደኅና ግንበኛ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ይኮራል። የሚከፋ ካለ መከፋቱ ራሱ መልስ ነው።

6ኛ/ ስለ አደጋ

ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አለ፤ የሰው ሕይወት። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ ከአፉ ራቅ ተደርጎ ይከመር፤ ተቆፍሮ የሚያድር ጉድጓድ ይከደን፣ ይታጠር። በተለይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሕፃናትን ያጠፋል። ከውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር ያህል ቢርቅ ለጤና ይበጃል። መወጣጫው በሚስማር የተጠጋጋ ሳይሆን በደንብ የታሰረ ይሁን። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ በሚያልፍበት ቦታ ብረት ተሸክሞ ጣራ መውጣት ሞትን መጥራት ነው። መስመር መቀጠል የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ «እኔ በቀላሉ እቀጥልልሃለሁ» የሚል ሰው ቤታችሁን እያቃጠለላችሁ ነው።

ሕጉም ባለቤትን ዝም ብሎ አይለቀውም። በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ኀላፊ ነው። ወደ ጎረቤት ያዘነበለ ግንብ ሲታይ «ግንበኛው ነው ያበላሸው» ማለት ለጎረቤት መልስ አይሆንም። ለጎረቤት መጀመሪያ የምንመልሰው እኛ ነን፤ ከግንበኛው ጋር የምንተሳሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

7ኛ/ የእኛስ ግዴታ?

እስካሁን ስለ ሠሪው ተናገርን። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ሠሪውም ይበደላል። ጧት በብርድ የመጣ፣ ቀኑን በፀሐይ የዋለ ሰው ማታ «ነገ ና» ይባላል። ልስኑ ካለቀ በኋላ «ይቺ ማዕዘን አልወደድኳትም» ተብሎ ግማሽ ገንዘቡ ይያዝበታል። ደግሞም በቀድሞ ዘመን የእጅ ባለሙያን መናቅ የነበረብን ክፉ ልማድ ነበር፤ በቤቱ የምንኖርበትን ሰው መናቅ ግን ራስን መናቅ ነው። በውሉ የተጻፈው ደረጃ ሲያልቅ በዚያው ቀን ይከፈል። ሥራ ከጨመርን ዋጋ እንጨምር። የመጠጥ ውሃና የሚያርፍበት ጥላ አንንሣው። በጊዜው የተከፈለው ግንበኛ ለሌላው ሠሪ «የእገሌ ቤት ሥራ ጥሩ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደኅናው ሠሪ ወደ እናንተ ይመጣል።

ጠብ ቢነሣስ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሥራው ባለበት እንዲቆም፣ የተሠራውም በሁለቱ ወገንና በአንድ ገለልተኛ ባለሙያ ፊት እንዲለካ ይደረግ። ፎቶግራፍ ይነሣ። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጥ። የወሎ ሰው ሐጂውንም ቄሱንም በአንድ ምንጣፍ አስቀምጦ ነገር መጨረስ ያውቅበታል፤ ይህ ሀብታችን ነው። በሽማግሌ ያላለቀው ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ውሉን ይዞ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ጥቅም የለውም።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤ ንግግራችንን ለመጨረስ፣ የቅሬው ኮሚቴ ሁለት ነገር እንዲደረግ ያሳስባል። አንደኛ፣ ከላይ ከሀ እስከ ሸ የተዘረዘሩትን የያዘ የውል ናሙና በጸሐፊያችን እጅ ስለሚገኝ፣ ቤት ለማሠራት ያሰበ ሁሉ መጥቶ እንዲገለብጥ። ለማያነቡ ጸሐፊው ያነብላቸዋል። ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ቤት ያሠራ ሰው ሠሪው በውሉ መሠረት ያስረከበለት ከሆነ ለኮሚቴው ይንገር፤ እኛም ለሚጠይቀን ጎረቤት በደስታ እንጠቁማለን። የተመሰገነ ሠሪ ሥራ ያግኝ፤ የሚያሠራም ሰው በሰላም ይግባ።

ቤት ዘመድ መሰብሰቢያ፣ ልቅሶ መቀመጫ፣ ሠርግ መደገሻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር በግማሽ ቀን ንግግርና በመጨባበጥ ብቻ አንጀምረው። ዛሬ ለአንዲት ወረቀት የምናጠፋው አንድ ሰዓት ነገ ከዓመታት ክርክር ያድነናል።



የሰፈሩ የቅሬ ኮሚቴ
ሐይቅ